በገብስ ፍሬ የተመዘነ ባሩድ

አንድ ሽታ ድንገት መጥቶ፣ ከቆማችሁበት ቦታ አንሥቶ፣ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ መልሶ፣ በሩ ከተቀረቀረ ክፍል ውስጥ አስቀምጧችሁ ያውቃል? እኔን ባለፈው ጥር ዲክሲስ አካባቢ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሠርግ ላይ እንዲህ አደረገኝ። ሙሽራው ከቤት ሲወጣ አንድ ሽማግሌ አሮጌ ጠመንጃቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው ተኮሱ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ጭሱም ቀስ እያለ ወደ ቆምንበት መጣ፤ ያን ጊዜ እኔ ሳላውቀው ትንፋሼን ውጬ ቆሜ ነበር። አጠገቤ የነበረችው መምህርት «ምነው፣ ፈራሽ እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። አልፈራሁም። ትንፋሽ መያዝን ከባሩድ ሽታ ጋር አብሬ ስለተማርኩት ነው፤ እንዴት እንደተማርኩት በቅደም ተከተል ላስረዳ።

ቤታችን አሰላ ከተማ ዳር፣ ወደ ጭላሎ ተራራ በሚያወጣው ዳገት ላይ ነበር። አባቴ ታደሰ ከአብዮቱ በፊት ለባላባቶች ጠመንጃ ይጠግን ነበር፤ እኔ ነፍስ ባወቅሁበት ጊዜ ግን የጠመንጃ ጠጋኝነት ስሙ ራሱ የሚያስፈራ ስለሆነ፣ ቁልፍ፣ ፋኖስና የልብስ ስፌት መኪና እየጠገነ ያኖረን ነበር። እኔ ሳልወለድ «የፊውዳል አገልጋይ» ተብሎ ታስሮ እንደነበር እማዬ አንድ ጊዜ ብቻ ነግራኛለች። ከእስር ሲመለስ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ከዚያም አልተወውም። ከከተማው ለመውጣት ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልገው ነበር፣ ለወረቀቱ ምክንያት፣ ለምክንያቱም ምስክር ይጠየቅ ስለነበር፣ አንድም ቀን ሲጠይቅ አላየሁትም። ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ላይ ቆሞ ተራራውን ያይና ተመልሶ ይገባ ነበር።

ከዲክሲስ በኩል ያለ አንድ የገበሬ ማኅበር ግን አባቴን አጥብቆ ይፈልገው ነበር። የማኅበሩ ጥበቃዎች የያዟቸው ጠመንጃዎች ውጅግራ የሚባሉት፣ አንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርሱ፣ ከአያቶቻችን ይልቅ ያረጁ ነበሩ። ገብሱ ማሸት ሲጀምር ከርከሮ ከጫካ እየወረደ ማሳውን ይገለብጠው ስለነበር፣ ጥይት የግድ ነበር፤ ለውጅግራ የሚሆን ጥይት የሚሸጥ ሰው ግን በአገሩ አልነበረም። ስለዚህ የተተኮሰውን ባዶ ቀለህ ሰብስቦ፣ መቀጣጠያውን ለውጦ፣ ባሩድ ሞልቶ፣ እርሳሱን መልሶ መግጠም ነበር። ይህን የሚችለው ደግሞ በአካባቢው አባቴ ብቻ ነበር። የማኅበሩ ሊቀመንበር ባዶ ቀለሆቹን በከረጢት፣ ባሩዱን በወተት ቆርቆሮ ይዞ ሲመጣ፣ ሥራ ሊሰጥ ሳይሆን እስረኛ ሊጎበኝ የመጣ ይመስል ነበር።

«ጓድ ታደሰ፣ ለባላባት ስትሠራ እጅህ አይንቀጠቀጥም ነበር አሉ» ይል ነበር፣ ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠ። «ለሰፊው ሕዝብ ሲሆን ነው የሚንቀጠቀጠው?»

«ብርዱ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» ይል ነበር አባቴ፣ በጠራራ ፀሐይም ቢሆን።

ውጅግራ የተሠራው ጭሱ ለሚበዛ፣ ጉልበቱ ለሚያንስ ለጥንቱ ጥቁር ባሩድ ነው። ሊቀመንበሩ የሚያመጣው ግን ከአዲስ ጥይት የተፈታ፣ ጥቂቱ ብዙ የሚሠራ ባሩድ ስለነበረ፣ ለአንድ ቀለህ የሚበቃው በጣም ትንሽ ነበር። ያች ትንሽ ባሩድ ቀለሁ ውስጥ ስትገባ ከታች ትተኛና ከላይ ያለው ባዶ ይበዛል፤ ስለዚህ በዓይን አይቶ በዛ ወይም አነሰ ማለት አይቻልም ነበር። ካነሰ እርሳሱ አፈሙዙ ውስጥ ተሰንቅሮ ይቀራል፣ ከበዛ ጠመንጃው ከተኳሹ ጉንጭ አጠገብ ይፈነዳል። በሁለቱ መካከል ያለችው ቦታ ጠባብ ነበረች፣ ቤተሰባችንም የሚኖረው እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ነበር። ምክንያቱም ጥይቱ ቢከሽፍም ቢፈነዳም የሚሰጠው ስም አንድ ነበር፤ አሻጥር። በዚያን ዘመን በእኛ ቤት ሰው ሊሳሳት እንደሚችል የሚያስብ ባለሥልጣን አይታወቅም ነበር።

ልኩን የምናገኘው በሚዛን ነበር። አባቴ ሚዛኑን የሠራው ከአንዲት የሹራብ መርፌ፣ ከሁለት የለስላሳ ቆርኪና ከቀጭን የስፌት ክር ሲሆን፣ የመርፌዋን ወገብ በምላጭ ጠርዝ ላይ ሲያሳርፋት፣ አጠገቧ ዝንብ ብታልፍ እንኳ ትወዛወዝ ነበር። በአንዱ ቆርኪ ባሩዱ፣ በሌላው የገብስ ፍሬ ይደረጋል። ለምን ገብስ ካላችሁ፣ የሱቅ ሚዛን ድንጋይ ሁሉ ለዚህ ሥራ ከባድ ነበር፤ ገብስ ግን ትንሽ ነው፣ ይቆጠራል፣ በአርሲም የሌለበት ቤት የለም። ለአንድ ጥይት ስንት ፍሬ እንደሚበቃ እዚህ አልጽፈውም። ለእኔና ለአባቴ ብቻ የታወቀ ቁጥር ነበር፣ እንደዚያው ይቅር።

የሚዛኑን ገብስ የመረጥነው እኔ ሰባት ዓመት በሞላኝ በጋ ነበር። በጥር ወር፣ ከአንድ አውድማ የመጣ ገብስ ሰፌድ ላይ አድርገን፣ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለን፣ የተሰበረውን፣ ቀጭኑንና ወፍራሙን እያወጣን፣ እኩያ የሆኑትን ብቻ እንለቅም ነበር። እማዬ ከጎናችን ጎመን እየቀነጠሰች «ይኸው፣ የገብሶች ጉባኤ ተከፈተ፤ ማን ይመረጥ ይሆን?» እያለች ትስቅብን ነበር። የተመረጡትን ለብዙ ቀን ፀሐይ ካጠጣናቸው በኋላ፣ አባቴ በባዶ የፔኒሲሊን ብልቃጥ ከትቶ በጎማ ክዳኗ ዘጋቸውና፣ «ይህ ገብስ አይበላም፣ አይዘራም፤ ከዛሬ ጀምሮ ልክ ነው» አለኝ። ሥርዓት የምወድ ልጅ ስለነበርኩ፣ ይህ አነጋገሩ በጣም ደስ አሰኘኝ።

በበልግ ሚዛን መያዝ አስተማረኝ። የእሱ እጅ ለሹራብ መርፌዋ አልሆን ስላለ፣ ሥራው የእኔ ሊሆን ነበር። በመጀመሪያ በደቀቀ ጨው አለማመደኝ፤ ከቆርኪው ላይ በላባ ጫፍ ጥቂት መጨመር፣ ጥቂት መቀነስ፣ መርፌዋ ቀጥ እስክትል መጠበቅ። ዝናቡ ሲያባራ ልጆች ደጅ ሲጫወቱ ድምፃቸውን እየሰማሁ፣ እኔ ግን ትንፋሼ መርፌዋን እንዳይነካት አፌን ዘግቼ እቀመጥ ነበር። «ትንፋሽ ያዢ» ይለኛል፣ እይዛለሁ፤ «ልቀቂ» ይለኛል፣ ዞር ብዬ እለቃለሁ። በግንቦት መጨረሻ ከሱ እጅ የኔ እጅ ተመረጠ።

ክረምት ሲገባ ግን ሥራው ጨዋታ መሆኑ ቀረ። የአሰላን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጉሙ ከተራራው ወርዶ ቤት ውስጥ ይገባል፣ ልብስ ሳምንት ሙሉ ተሰጥቶ አይደርቅም። በየቤቱ ከሰል ሲቀጣጠል በእኛ ቤት ግን ባሩድ ስላለ እሳት አይገባም ነበር። መስኮቱ ነፋስ ሚዛኑን እንዳይነካ፣ በሩም ሰው እንዳያይ ይዘጋል። ሊቀመንበሩ የሚያውቀው ሥራ ቢሆንም፣ ጎረቤት ባሩድ አይቶ ምን እንደሚያወራ ስለማይታወቅ፣ በሩ ሲንኳኳ እንኳ እማዬ ከውጭ ወጥ ቤት ሆና «ታሟል፣ ተኝቷል» ትል ነበር። እኔና አባቴ በዚያ በጨለመ፣ በቀዘቀዘ ክፍል ውስጥ፣ በኩራዝም ሳይሆን በመስኮቱ ስንጥቅ በምትገባ ብርሃን፣ ሳንነጋገር እንቀመጥ ነበር። ማሳል ክልክል ነው፣ ማስነጠስ ክልክል ነው። አንዳንዴ ቤቱ ራሱ ትንፋሹን የያዘ ይመስለኝ ነበር።

ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ ክረምት፣ ሐምሌ ላይ፣ ጥፋቱን አጠፋሁ። የዓመቱ እህል ያለቀበት፣ አዲሱ ያልደረሰበት ጊዜ ነበርና ሁልጊዜ ይርበኝ ነበር። አባቴ ቀበሌ ተጠርቶ ሄዶ፣ እኔ ክፍሉን እንድጠብቅ ብቻዬን ተቀርቅሮብኝ ነበር። ብልቃጧን አውርጄ አንዲት ፍሬ አውጥቼ ነከስኩ። ደረቅ፣ ጣፋጭ ነበረች። አንዲት ደገምኩ። ማቆም የሚባል ነገር ጠፋኝ፤ ወደ ልቤ ስመለስ ብልቃጧ ውስጥ የቀሩት ከአሥር አይበልጡም ነበር፣ እነሱንም ለምን እንደማስቀራቸው ስላልገባኝ በላኋቸው።

የሆነው ሆኖ ሥርዓት የምወድ ልጅ ነበርኩ ብያችኋለሁ። በማግስቱ እማዬ ጓዳ ያለውን ከረጢት ፈታሁ። በውስጡ ያለው ገብስ ኦቦ ከድር ለእማዬ ከዲክሲስ ያመጣላት ነበር። ኦቦ ከድር የዚያ ገበሬ ማኅበር የጥይት ያዥና የጥበቃዎቹ አለቃ ሲሆን፣ ገበያ በመጣ ቁጥር አህያውን እኛ ደጃፍ አስሮ፣ እኔን «ኢንተላ ኮ» ማለትም ልጄ እያለ እየጠራ፣ ከአባቴ ጋር የሚጫወት ወዳጃችን ነበር። ከከረጢቱ ውስጥ እኩያ እኩያውን መርጬ፣ ለአንድ ጥይት የሚበቃውን ያንኑ ቁጥር ሦስት ጊዜ ቆጥሬ፣ ብልቃጧን ሞላሁና ዘጋኋት። ቁጥሩ አንዲት ፍሬ እንኳ አልተዛነፈም ነበር። ልቤ ተረጋጋ። መቁጠርና መመዘን አንድ ነገር መስሎኝ ነበር። የኦቦ ከድር ገብስ ግን ፍሬው ወፍራም ነበር፣ በዚያ ላይ የክረምቱን እርጥበት ጠጥቷል። እያንዳንዷ ፍሬ በጥቂቱ ትከብዳለች ማለት ነው፤ በሌላው ቆርኪ ያለው ባሩድም በዚያው ልክ ይበዛል።

በነሐሴ አጋማሽ ሊቀመንበሩ ሃያ ባዶ ቀለህ አመጣ፣ ለሃያ የሚበቃም ባሩድ። እኔ እየመዘንኩ፣ አባቴ እርሳሱን እየገጠመ ሁለት ቀን ሠራን። አሥራ ሰባተኛው ላይ ቆርቆሮው ባዶ ሆነ።

አባቴ ቆርቆሮውን ገልብጦ አየ። «ፈሰሰብሽ?»

«አልፈሰሰም።»

«እውነት?»

«እውነት፣ አባዬ።»

ወለሉን በእጁ ዳበሰ፣ ጠረጴዛውን በላባ ጠረገ፣ ምንም አላገኘም። ከዚያ ቁጭ ብሎ ሦስቱን ባዶ ቀለሆች ለረጅም ጊዜ ተመለከታቸው። ባሩድ ጎደለ ማለት ባሩድ ደበቀ ማለት ነበር። መዶሻውን አነሣና ሦስቱንም አንገታቸውን ቀጥቅጦ ሰነጠቃቸው። ሊቀመንበሩ ሲመጣ «እነዚህ ሦስቱ ያረጁ ናቸው፣ ተሰነጠቁ፤ የነሱን ባሩድ ውሃ ነካብኝና ደፋሁት» አለው። አባቴ ከብርዱ ሌላ ሲዋሽ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ሊቀመንበሩ ቀለሆቹን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን አንሥቶ አያቸው፣ አባቴንም አየው፣ በመጨረሻም «ይመዝገብ» ብሎ ሄደ። ሳይመዘግብ የሄደ ስለሆነ ቃሉ ይበልጥ አስፈራን።

ከሳምንት በኋላ፣ በገበያ ቀን፣ ኦቦ ከድር ቀኝ ትከሻውን ይዞ እየሳቀ ገባ።

«ወላሂ አባ ብርቄ፣ ይቺ የዘንድሮ ጥይትህ በቅሎ ናት! ከርከሮውን ስላት እኔን ረገጠችኝ!» አለና ጋቢውን ገለጥ አድርጎ የጠቆረ ትከሻውን አሳየን። አባቴን በእኔ ስም «አባ ብርቄ» ብሎ ነው የሚጠራው።

«ከርከሮውስ?» አለ አባቴ።

«ከርከሮው ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሃል። ቀለሁን ግን በዱላ መትተን ነው ያወጣነው።» ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። ቀለሁ ከወገቡ አብጦ፣ በርዝመቱ ተሰንጥቆ ነበር።

የአባቴ ፊት እንዴት እንደተለወጠ አሁንም ይታየኛል። ተነሥቶ ብልቃጧን ከመደርደሪያው አወረደ፣ አንዲት ፍሬ አወጣ፣ በጥርሱ ነከሳት። ያቺ ፍሬ ድምፅ ሳትሰጥ ተሰበረች፤ እርጥብ ነበረች። ዞሮ አየኝ። እኔ ወለል ወለሉን አየሁ። ያን ጊዜ ሁሉም ገብቶት ነበር፣ ለእኔም ገባኝ።

ኦቦ ከድር ይህን አላየም። «ለማንኛውም ሌላ አንተኩስም» ይል ነበር። «ሊቀመንበሩ የቀሩትን አሥራ ስድስቱን ለአብዮት በዓል አስቀምጡ ብሏል። አሥራ ስድስት ሰው ከተማ ገብቶ፣ ተሰልፎ፣ አንድ ላይ ይተኩሳል። የኔም ልጅ ጀማል አለበት፤ ጠመንጃ ጨበጠ ብላ እናቱ ከወዲሁ ታለቅሳለች።»

አባቴ ያበጠውን ቀለህ በጣቶቹ አገላበጠ። «ጠመንጃው አርጅቶ ይሆናል» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ከሌላ ክፍል የመጣ ይመስላል። ሌላ ምን ይበል? ጥይቱ አደገኛ ነው ካለ አሻጥር ነው፣ ባሩዱ በዝቶበት ነው ካለ ለሊቀመንበሩ የነገረው ውሸት ይወጣል፣ ዝም ካለ ከአሥራ ስድስቱ ሰዎች የአንዱ ዓይን ወይም እጅ ይሄዳል። በየትም በኩል መውጫ አልነበረውም። ኦቦ ከድር ዱላውን አንሥቶ «በሉ፣ ነጋቲ» ብሎ ተሰናበተን። በሩን ከፈተ። እኔም በዚያ ክፍል ውስጥ ትንፋሼን መያዝ እንጂ መናገር ተምሬ የማላውቀው፣

«ኦቦ ከድር፣ እንዳይተኩሱት! ገብሱን እኔ በልቼው ነው!» ብዬ ጮህኩ።

አባቴ ዘሎ በሩን ዘጋው፣ መቀርቀሪያውንም ወረወረ። አሁን ሦስታችንም ውስጥ ነን። ኦቦ ከድር የተዘጋውን በር አየ፣ አባቴን አየ። «ምን ገብስ?» አለ በቀስታ።

ከሐምሌ ጀምሮ ያደረግሁትን ሁሉ እያለቀስኩ በተራ ነገርኩት፤ ስንት ጊዜ እንደቆጠርኩት ጭምር። ስጨርስ አባቴ «ባሩዱን ደፋሁት ብዬ ለሊቀመንበሩ የነገርኩት ውሸት ነው» አለ። «ሁሉም አሥራ ሰባቱ ቀለህ ውስጥ ነው ያለው። አሁን ሄደህ ብትነግራቸው አልፈርድብህም። ልብሴን ለብሼ እጠብቃቸዋለሁ።»

ኦቦ ከድር ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። «የኔን ገብስ ነው የመዘነችበት?» ብሎ ጠየቀ።

«አዎ።»

«እኔም ወፍራም ነው እያልኩ በገበያ ስኩራራ!» አለ፣ ግን አልሳቀም። «ታዲያ ፈትተህ ልኩን ሙላው። በሚቀጥለው ገበያ በገብስ ውስጥ አድርጌ አመጣልሃለሁ።»

«በምን ልክ?» አለ አባቴ፣ የሚንቀጠቀጡ እጆቹን ዘርግቶ። «ልኩ እሷ የበላችው ገብስ ነበር። ቁጥሩን አውቃለሁ፣ የምን ገብስ ቁጥር እንደሆነ ግን አሁን ማን ያውቃል? በግምት ልሙላና ጀማል እጅ ላይ ልሞክረው?»

ይህንን እስከዚያ ድረስ አላሰብኩበትም ነበር። የበላሁት ምግብ ሳይሆን የቤታችን ብቸኛ ልክ መሆኑ ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ የተበላ ልክ ደግሞ ሌላ ገብስ በማምጣት አይተካም።

ኦቦ ከድር ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ የጋቢውን ጫፍ ሳበና በጥርሱ አንድ ቋጠሮ ፈታ። ከቋጠሮው ውስጥ አንድ ጥይት ወጣች። «የአምና ናት» አለ። «ለሊቀመንበሩ ከርከሮ ላይ ተኮስኳት ብዬዋለሁ። እንዲሁ ነው የያዝኳት፤ ሰው ለክፉ ቀን አንዲት የራሱ ነገር ይፈልጋል። ይህን ሚስቴም አታውቅም።» ለአባቴ ሰጠውና «የአምናዋን ልጅሽ በትክክለኛው ገብስ ነው የመዘነቻት፣ አይደል?» አለ፣ እማዬ ጩኸቴን ሰምታ መጥታ፣ አባቴም መቀርቀሪያውን ከፍቶላት በሩ ሥር ቆማ ነበርና ለእሷ።

አባቴ ጥይቷን በሁለት እጁ ተቀበለ። እርስ በርሳቸው ተያዩ። አሁን አንዱ ሌላውን ማሳሰር ይችላል፤ ስለዚህም ይመስለኛል ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱም ተዝናንተው የተቀመጡት። አባቴ እርሳሱን በጉጠት ነቀለ፣ ባሩዱን ቆርኪው ላይ ገለበጠ፣ እኔም እንባዬን ጠርጌ ሚዛኑ ፊት ተቀመጥኩ። «ትንፋሽ ያዢ» አለኝ። ያዝኩ። ከብልቃጧ ያንኑ የኦቦ ከድርን ገብስ አንድ በአንድ እየጨመርኩ ሄድኩ። መርፌዋ ቀጥ ስትል ቁጥሩ ከለመድነው ያንስ ነበር፣ በማይናቅ ያንስ ነበር። አዲሱን ቁጥር አባቴ በጠመኔ በጠረጴዛው ሆድ ላይ ጻፈው። እማዬም ሰማይ ሲጠራ ገብሱ ደርቆ እንዳይቀልል የብልቃጧን ክዳን ዙሪያውን በሰም አሸገችው። ኦቦ ከድር ጥይቷ ተመልሳ ስትገጠም «ስጠኝ፣ የራሴ ናት» ብሎ እንደገና ቋጥሯት ወጣ።

ከዚያች ዕለት እስከሚቀጥለው ገበያ ያለው ሳምንት በሕይወቴ ረጅሙ ነው። ኦቦ ከድር ጥይቶቹን ይዞ ይመጣል፣ ወይም ሊቀመንበሩ ሰዎቹን ይዞ ይመጣል። አባቴ ሥራ መሥራት ትቶ ነበር፤ የአንዲት ሴት ስፌት መኪና ተፈትቶ እንደተበተነ ጠረጴዛው ላይ ሰነበተ። እማዬ አንድ ቅያሪ ልብስና ብርድ ልብስ በመሀረብ ቋጥራ በሩ አጠገብ አስቀመጠች፣ ማንም ለማን እንደሆነ አልጠየቃትም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የእግር ዳና ይመስለናል፤ ሲያባራ ደግሞ ዝምታው ይብስ ነበር። አንድ ቀን «ለምን አልነገርሽኝም?» አለኝ አባቴ፣ ሳይቆጣ።

«ስለፈራሁ።»

«እኔም ለሊቀመንበሩ ያልነገርኩት ስለፈራሁ ነው» አለ። «ሁለታችንም አንድ ነን እንግዲህ።»

ቢገርፈኝ ይሻለኝ ነበር።

በገበያው ቀን የአህያዋ ኮቴ ከኮረብታው ሥር ሲሰማ ሦስታችንም ቆመን ነበር። ኦቦ ከድር ብቻውን ነበር። «ገብስ አምጥቻለሁ፣ ዘንድሮ ከባድ ነው!» ብሎ ለጎረቤት እንዲሰማ ጮኸ። ከረጢቱን ውስጥ አስገብቶ እጁን እስከ ክንዱ ከተተና አሥራ ስድስቱን አንድ በአንድ አወጣቸው። ገበያ ሳይበተን መመለስ ስላለበት ለመሥራት ያለን ከሰዓት በኋላ ብቻ ነበር። አባቴ እርሳስ ይነቅላል፣ እኔ እመዝናለሁ፣ አባቴ መልሶ ይገጥማል፤ ኦቦ ከድር መቁጠሪያውን እየቆጠረ በሩ ሥር ተቀምጦ ይጠብቃል። በስድስተኛው ላይ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ እንደ አባቴ። አባቴ አይቶ የራሱን የሚንቀጠቀጥ እጅ በእጄ ላይ ጫነ፤ ሁለቱ አብረው ለምን እንደቆሙ እስካሁን አላውቅም፣ ግን ቆሙ። አሥራ ስድስተኛውን ስንጨርስ ቆርቆሮው ውስጥ ሦስት ጥይት ለመሙላት ጥቂት የሚጎድለው ባሩድ ቀረ። ሒሳቡን በልቤ ሠራሁት፣ ትክክል ነበር። ኦቦ ከድር ከሄደ በኋላ አባቴ ያን ትራፊ በዝናብ ውስጥ ይዞ ወጥቶ ጭቃው ላይ ደፋውና፣ በእግሩ እያሸ አብሮት ብዙ ቆመ።

በመስከረም፣ በበዓሉ ቀን፣ እኛ ተማሪዎች በሜዳው አንድ ወገን ባንዲራ ይዘን ተሰልፈን ነበር። አደይ ፈንድቶ ነበር፣ ሰማዩም ጠርቶ ነበር፣ እኔ ግን ያየሁት አሥራ ስድስት ጠመንጃ ብቻ ነው። ጀማል ከመጨረሻው ሁለተኛ ነበር፤ ገና ጢም ያላበቀለ፣ ኮቱ የሰፋው ልጅ። አዛዡ ጮኸ፣ ጠመንጃዎቹ ወደ ሰማይ ተነሡ፣ እኔም ትንፋሼን ያዝኩ። አንድ ላይ ጮኹ። የአሥራ ስድስቱ ጭስ ተደርቦ ሸፈናቸው። ያ ጭስ እስኪገለጥ ድረስ ያለፈው ጊዜ በሰዓት ቢለካ ጥቂት ነው፣ እኔ ግን ከዚያ የረዘመ ጊዜ አላውቅም። ከዚያ ፊቶቹ አንድ በአንድ ወጡ፤ ቆጠርኳቸው፣ አሥራ ስድስት ነበሩ፣ ሁሉም ሙሉ ነበሩ። ጀማል ቀለሁን ሲያወጣው በቀላሉ ዘሎ ሣሩ ላይ ወደቀ፣ እሱም በኩራት ሳቀ። አባቴ ከሕዝቡ መካከል ቆሞ ነበር። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እሱ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ይዞ ነበር፣ እንደ ደከመው ሰው።

ዛሬ እዚያው አሰላ አስተማሪ ነኝ። ክፍሌ ሰፊ መስኮቶች አሉት፣ ነፋስ እንደልቡ ይገባል፣ ልጆቹ ያስላሉ፣ ያስነጥሳሉ፣ ማንም ዝም በሉ አይላቸውም፤ እኔ ካልኩ በስተቀር። ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ሲሳሳቱ እንደ እኔ ያደርጋሉ፤ ላጲስ አምጥተው፣ ቁጥሩን አስተካክለው፣ ደብተሩን ይዘጋሉ። ስለዚህ ሰኞ ሰኞ ትምህርት ከመጀመሬ በፊት ባለፈው ሳምንት እኔ የተሳሳትኩትን አንድ ነገር ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ የት እንደተሳሳትኩ፣ ማን ሊጎዳበት ይችል እንደነበረ፣ እንዴት እንደታረመ። መጀመሪያ ሳቁብኝ። በሦስተኛው ሰኞ አንዲት ዝምተኛ ልጅ እጇን አውጥታ «እኔም አንድ አለኝ፣ ቲቸር» አለች። አባቴ እንዲህ የሚልበት ክፍል በዕድሜው አላገኘም፤ እኛ ቤት ስሕተት መናገር ማለት በር መዝጋትና ልብስ መቋጠር ነበር። አሁን አንድ እጅ ማውጣት ብቻ ነው፣ ያም ቢሆን ስንቱን እንደሚከብደው አያለሁ።

ልጅ ያላችሁ፣ ወይም ተማሪ ያላችሁ፣ ዛሬውኑ ሞክሩት። ልጁን ስለሱ ጥፋት ከመጠየቃችሁ በፊት የራሳችሁን አንዲት ስሕተት ንገሩት፣ ትንሽም ብትሆን፣ ሳታሳምሩ። ከዚያ ዝም ብላችሁ ፊቱን እዩ።